ጉዝጓዝ

በካሊፎርኒያ አውራ ጎዳናዎች ዳር ከሚታዩት ሰሌዳዎች አንዱ ቆሻሻ ለሚጥል ሰው 1,000 ዶላር ቅጣት ያውጃል። እዚያ ላይ የተጻፈችው የእንግሊዝኛ ቃል «ሊተር» ናት። ይህችው ቃል በሥነ ምህዳር መጻሕፍት ውስጥ ግን ሌላ ሥራ አላት፤ ረግፎ መሬት የያዘው ቅጠል፣ የደረቀው ሣር፣ የተሰበረው ጭራሮና የሞተው ሥር በአንድነት ይጠራባታል። ስለ አየር ንብረት በአማርኛ የሚናገሩ ሰዎች አንዳንዴ ሁለቱን ትርጉም አንድ አድርገው «የዕፅዋት ቆሻሻ» ሲሉ እሰማለሁ። አያስኬድም። የረገፈ ቅጠል ቆሻሻ ሆኖ አያውቅም። ለዚህ ነገር አማርኛ ከእንግሊዝኛ የተሻለ ቃል አለው፤ ቃሉን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ሳይንስ ውስጥ ግን አላስገባነውም።

የእንግሊዝኛዋ ቃል ራሷ ስትወለድ እንዲህ አልነበረችም። ሥሯ የላቲኑ «ሌክቱስ» ነው፤ አልጋ ማለት ነው። በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝ አገር ስትደርስ መጀመሪያ መኝታ ነበረች። በሽተኛ ወይም ባለሥልጣን የሚተኛባት፣ ሰዎች በትከሻ የሚሸከሟት፣ እኛ ቃሬዛ የምንላትም በዚሁ ስም ተጠራች። ከዚያ በጋጣ ውስጥ ለፈረስና ለላም መተኛ የሚነሰነሰው ጭድ ስሙን ወረሰ። አንዲት ውሻ በአንድ ጊዜ የወለደቻቸው ቡችሎች እንኳ ዛሬም በእንግሊዝኛ «አንድ ሊተር» ናቸው፤ የተወለዱት እዚያ ጭድ ላይ ነውና። የተነሰነሰ ጭድ ዝርክርክ ስለሚል በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቃሏ ወደ ዝርክርክ ነገር፣ ከዚያም ወደ መንገድ ዳር ቆሻሻ ተንሸራተተች። ሳይንቲስቶቹ የያዙት አሮጌውን ትርጉም፣ መኝታውን ነው። የቅጣት ሰሌዳው የያዘው አዲሱን።

አሁን ወደ እኛ። «ጎዘጎዘ» ማለት ሣር፣ ቅጠል ወይም ጭድ መሬት ላይ በትኖ ማልበስ ነው። የተበተነው «ጉዝጓዝ» ይባላል። እንግዳ ሲመጣ ይጎዘጎዛል፣ ሙሽራ ሲገባ ይጎዘጎዛል፣ ቡና ሲፈላ ይጎዘጎዛል፣ ለጥጃ ማደሪያ ይጎዘጎዛል። የዶሮ እርባታ ባለሙያዎችም በዶሮ ቤት ወለል ላይ የሚበተነውን ጭድና ሰጋቱራ ጉዝጓዝ ነው የሚሉት። እንግሊዝኛ ከአልጋ ተነስቶ በጋጣ በኩል እስከ ጫካ ወለል የሄደበትን መንገድ አማርኛ በአንድ ግስ ጨርሶታል። ትልቁ ልዩነት ጉዝጓዝ ወደ ቆሻሻነት አለመውረዱ ነው። ዛሬም ክብር አለው።

የቃሉን ቅርጽ ልብ በሉት፤ ሁለት ፊደል ተደግሞ አራት ይሆናል። ድርጊት ሲደጋገም፣ ሲበታተን ወይም ቀስ እያለ ሲዘልቅ አማርኛ የሚወደው ቅርጽ ነው። ተክል ከአረንጓዴነት እስከ አፈር የሚያደርገው ጉዞ ሙሉውን ማለት ይቻላል በዚህ ቅርጽ ይነገራል፦ ለመለመ፣ ተጎዘጎዘ፣ በሰበሰ፣ ተፈረፈረ፣ በመጨረሻም ጎርፍ ሲመጣ ተሸረሸረ። በጉዞው መካከል ግን ቅርጹን የማይከተል «ረገፈ» አለ፤ እርግፍ ማለት አንዴ የሚያልቅ ነገር ነው። «እርግፍ አድርጎ ተወው» የምንለው ለዚህ ይመስለኛል። «ቅጠል» ራሱ የግዕዙ «ቈጽል» ነው። የግዕዝ ጸ በአማርኛ ጠ መሆኑን «ጸጉር» እና «ጠጉር»፣ «ጾመ» እና «ጦመ» ይነግሩናል። «ሣር» ደግሞ «ሣዕር» ነበር፤ በመንገድ ላይ ጉሮሮውን ጣለ።

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ይህ ሁሉ በዓይን ይታያል። የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት ያንን ሰፈር «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በይፋ የሰየመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። (የጎዳናው ስም በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ያማረ ጠጉር» ማለት መሆኑን እዚያ ሹሩባ የሚሠሩ ሴቶች ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል።) ከተራራው ማዶ፣ በሸለቆው ውስጥ ካለው ከቫን ናይስም ሆነ ከሌላ ሰፈር ለበዓል ወደዚያ የሚወርድ ሰው ረከቦቱ ሥር የተነጠፈውን አረንጓዴ ያገኛል። ብዙ ጊዜ ግን ፕላስቲክ ነው። በጉዝጓዝ ስም የተነጠፈ የማይደርቅ፣ የማይሸት፣ የማይበሰብስ ነገር! ካርቦን ይዞ በመቆየት ረገድ ፕላስቲኩ አቻ የለውም፤ ሌላ ምስጋና ግን አይገባውም።

እውነተኛው ቄጤማ ሣር አይደለም። ሣር ቢመስልም የራሱ ቤተሰብ አለው። የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል፣ ግብፆች ወረቀት ያወጡበት ፓፒረስ፣ የዚሁ ቤተሰብ ነው። ቤተሰቡ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ መኖር የሚወድ ሲሆን ከውሃው በላይ ያለውን አየር በግንዱ ውስጥ ባሉ ክፍት ቱቦዎች ወደ ሥሩ ያወርዳል። ይህን ቱቦ አስታውሱልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን። በቅዳም ሹር ቀን ካህናት ለምእመናን የሚያድሉት፣ ሰዉ ራሱ ላይ የሚያስረው ቄጤማ ይህ የረግረግ ልጅ ነው። በእኛ ትውፊት ርግቢቱ የጥፋት ውሃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሠረችው ለምለም ቄጤማ ይዛ ነው። («ሹር» የግዕዙ «ስዑር» ነው፤ የተሻረች ቅዳሜ። በዚያች ዕለት ስለሚጾም የቅዳሜ ወግ ተሻረ።)

ቄጤማ የሚበቅልበትን ቦታ ጨፌ እንለዋለን። ቃሉ ኦሮምኛ ነው፣ ወደ አማርኛም ገብቷል። በኢሉ አባ ቦር ጨፌ ረግረጉን መስክ ብቻ ሳይሆን እዚያ የሚበቅለውን፣ ለጎጆ ክዳንና ለበዓል ጉዝጓዝ የሚታጨደውን ቄጤማ ራሱንም ይጠራል። በገዳ ሥርዓት ሕግ የሚወጣበት ጉባኤም ጨፌ ነው፤ ሰው በለምለሙ መስክ ላይ ይሰበሰባልና። የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ዛሬ «ጨፌ ኦሮሚያ» የሚባለው በዚህ የተነሳ ነው። ረግረግ ለፓርላማ ስም የሰጠበት ሌላ አገር እስካሁን አላጋጠመኝም። በዚያው በኢሉ አባ ቦር ገበሬው ቦይ ቀዶ የጨፌውን ውሃ ያጠነፍፍና በቆሎ ይዘራበታል። መጀመሪያ ምርቱ ያምራል። ውሃው ሲሄድ ግን አየር ይገባል፣ ለዘመናት የተጠራቀመው ጥቁር አፈር መብላላት ይጀምራል፣ ከዓመታት በኋላ ጨፌው ቄጤማም በቆሎም የማይሰጥ ደረቅ መሬት ሆኖ ሊቀር ይችላል።

እዚህ ላይ አማርኛ አንድ እንቆቅልሽ ያቀርብልናል። «በሰበሰ» ሁለት ትርጉም አለው፤ ሻገተ፣ ተበላሸ ማለትም ነው፣ በውሃ ራሰ ማለትም ነው። «ዝናብ አበሰበሰኝ» ያለ ሰው ገና አልሸተተም። ባለ ጎተራ የሆነ ገበሬ ሁለቱን አንድ ማድረጉ ትክክል ነው፤ እርጥብ እህል ይበሰብሳል። ረግረግ ውስጥ ግን ሕጉ ይገለበጣል። ውሃው መሬቱን ሞልቶ ሲዘጋው አየር አይገባም፤ ቅጠል የሚያፈርሱት ሻጋታዎችና ተሕዋስያን አብዛኞቹ አየር ካላገኙ ሥራቸው ይዳከማል። በጣም የበሰበሰው ነገር አይበሰብስም። የዓመቱ ጉዝጓዝ በአምናው ላይ፣ የአምናው በካቻምናው ላይ ይከመራል። በሺህ ዓመታት ውስጥ ብዙ ሜትር ውፍረት ያለው፣ አፈርም ከሰልም ያልሆነ ቡናማ ነገር ይሆናል። እንግሊዞች ፒት ይሉታል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለው መሬት ከየብሱ 3 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው፤ በአፈር ውስጥ ካለው ካርቦን ግን ሲሶ የሚሆነውን ይዟል።

የቫን ናይስ ነዋሪ ይህ ከእኔ ሰፈር ምን አገናኘው ቢል ስሙ ራሱ መልስ ይሰጠዋል። ሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ1911 ሲቆረቆር የተሰየመው ሸለቆውን በስንዴ በሸፈነው በአይዛክ ኒውተን ቫን ናይስ ነው። «ቫን» በሆላንድኛ «የ» ወይም «ከ» ነው፤ የቤተሰቡ ስም በሰሜን ኔዘርላንድ፣ በግሮኒንገን አውራጃ ወደምትገኝ ኑይስ ወደምትባል መንደር ይመለሳል። ግሮኒንገን የረግረግ አገር ነበረች። ሆላንዶች ፒቱን «ቬን» ይሉታል፤ የእንግሊዝኛው «ፌን» ወንድሙ ነው፣ እንደ ሄረንቬንና አምስተልቬን ያሉ የከተማ ስሞችም ጅራታቸው ላይ ይዘውት ይዞራሉ። ተቆርጦ ደርቆ የሚነደው ደግሞ «ቱርፍ» ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ ቢራ ጠማቂ፣ ጡብ ተኳሽና ዳቦ ጋጋሪ የሚያነደው እሱን ነበር። እንጦጦ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠርጋ፣ ጀርባዋን በሸክም አጉብጣ ለእንጀራ መጋገሪያ የምታወርደውን ሴት የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ በቀላሉ ይረዳዋል። ሆላንዱ የሺህ ዓመት ጉዝጓዝ ያነድዳል፣ የእንጦጦዋ ሴት የዘንድሮውን። ሁለቱም ዘንድ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። የእንጦጦዋን መውቀስ ግን አይገባም፤ ምጣዱን የምታሰማበት ሌላ ነገር አልሰጠናትም።

ካርቦን የሚለው ቃልም ከዚሁ ምድጃ ነው የወጣው። ላቲኑ «ካርቦ» ከሰል ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮአዢዬና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1787 የኬሚስትሪን ስሞች ሲያስተካክሉ «ካርቦን» አሉት። አማርኛ «ከሰል»ን ከ«ከሰለ» ያወጣል፤ አክሳዩ እንጨቱን አፈር አልብሶ፣ አየር ነስቶ ያከስለዋል። አየር መንሳት፣ እንደ ረግረጉ። «ፍም» ደግሞ የግዕዙ «ፍሕም» ነው፤ በዐረብኛም በዕብራይስጥም ዘመድ አለው። ከአዲስ አበባ የቢሮ ዘመን የተረፉ ሰዎች ካርቦን ሲባል መጀመሪያ የሚታያቸው ሁለት ወረቀት መካከል የምትገባዋ ጥቁር ወረቀት መሆኗን አውቃለሁ፤ እሷም ስሟን ከከሰል ነው የወሰደችው።

አሁን ወደ ሰሜን። ከአርክቲክ ክልል መስመር በላይ በስዊድን አቢስኮ አጠገብ ስቶርዳለን የሚባል ረግረግ አለ። ሳይንቲስቶች ለአሥርት ዓመታት ሲከታተሉት ኖረዋል። ከበታቹ ያለው መሬት የሚቀዘቅዘው በክረምት ብቻ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ ይኖራል። እንዲህ ያለውን መሬት ፐርማፍሮስት ይሉታል፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት በተከታታይ ከዜሮ ዲግሪ ያልዘለለ መሬት ማለት ነው። ቃሉን የፈጠረው የካሊፎርኒያ ሰው ነው፤ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው፣ ሩሲያ የተወለደው ሲሞን ሙለር። እ.ኤ.አ. በ1943 ለአሜሪካ ጦር ባዘጋጀው ጥናት ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላትን ቆርጦ ቀጠላቸው። ሩሲያኖቹ «ዘላለማዊ ቅዝቃዜ» ይሉት ነበር። ዘላለማዊ አለመሆኑን አሁን እያየን ነው።

በአማርኛ «ግግር በረዶ» ሲባል እሰማለሁ፤ እሱ ግን ከላይ ለሚታየው፣ ለተራራው በረዶ ይሻላል። ለመሬቱ እኔ የምመርጠው «ረጋ»ን ነው። በግዕዝ «ረግዐ» ጠና፣ ጸና ነው፤ ቅቤ ይረጋል፣ ሞራ ይረጋል፣ «እርጎ»ም ከዚያው ነው። «የረጋ መሬት» ብንል የመሬቱን ጠባይ ይይዛል። «ረግረግ» ደግሞ የሌላ ግስ ልጅ ነው፤ «ረገረገ» ሲረግጡት ሰምጦ ተመልሶ መዝለል ነው፣ እንደ ላላ አልጋ ሽቦ። እንግሊዞችም ረግረግን «ኳግማየር» ሲሉት መንቀጥቀጡን ማለታቸው ነው። ሁለቱ የአማርኛ ቃላት በድምፅ ይቀራረባሉ እንጂ ሥሮቻቸው አይገናኙም። ቢሆንም ሳይንሱ ብዙ ገጽ የሚፈጅበትን ነገር ባንድ ላይ ሆነው ይነግሩታል፦ የረጋው ረግረግ ይሆናል።

ስቶርዳለን ላይ የሆነው ይኸው ነው። ከፍ ከፍ ያሉ፣ ውስጣቸው በረዶ የሆነ ደረቅ ጉብታዎች አሉት። በፊንላንድኛና በሳሚ ቋንቋ «ፓልሳ» ይባላሉ፤ «ቱንድራ»ም ከእነዚያው ከሳሚዎች የመጣ ቃል ነው። ጉብታው ላይ የሚበቅሉት አጫጭር ቁጥቋጦዎች ናቸው። ውስጡ ሲቀልጥ ጉብታው ይወድቅና ውሃ ይሞላዋል። መጀመሪያ ስፋግነም የተባለው ዝቅተኛ፣ ውሃ መጥጦ የሚይዝ ተክል ይወርሰዋል። መቅለጡ ሲቀጥልና ውሃው ሲበዛ ደግሞ ባለ ረጅም ቅጠሎቹ ይገባሉ። እነዚያ የቄጤማ ዘመዶች ናቸው። ራሱ ላይ ነጭ ጥጥ የሚያወጣው አንዱ ፈረንጅ «የጥጥ ሣር» ቢለውም ሣር አይደለም፣ የዚያው ቤተሰብ ነው።

ታዲያ ጉዝጓዙ ተለወጠ። ጥያቄው ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ስፋግነም ሲሞት በቀላሉ የሚበላ ነገር አይደለም። አካባቢውን ኮምጣጣ ያደርጋል፣ በውስጡም የተሕዋስያንን ሥራ የሚያዳክሙ ነገሮች አሉት። ለዚህ ነው በሰሜን አውሮፓ ረግረጎች ውስጥ የተቀበሩ ሰዎች ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ከነቆዳቸው የተገኙት። የቄጤማ ወገን ግን ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይበላል። በስቶርዳለን የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት ከጉብታው ወደ ስፋግነም፣ ከስፋግነም ወደ ቄጤማው ሲኬድ የፒቱ ኬሚስትሪ እንደሚለወጥ፣ ከእሱ የሚወጣው ጋዝም እንደሚጨምር አሳይቷል። ሙቀቱ በሩን ከፈተ፤ ተሕዋስያኑ ገብተው የሚበሉት ግን እንደ ጉዝጓዙ ዓይነት ነው።

ያንን ቱቦ አሁን እንፈልገዋለን። አየር በሌለበት ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ተሕዋስያን ሜቴን ያወጣሉ። ሜቴኑ በውሃው ውስጥ ቀስ ብሎ ቢወጣ ከላይ ባለው አየር ያለበት ንጣፍ ላይ ሌሎች ተሕዋስያን ይበሉት ነበር። ቄጤማው ግን አቋራጭ ሠራለት፤ አየር በሚወርድበት ቱቦ ሜቴን ይወጣል። ሜቴን በመቶ ዓመት ሲለካ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ያህል ያሞቃል። ስሙ የአስካሪ መጠጥ ቤት ነገር ነው፦ ፈረንሳዮቹ ዱማና ፔሊጎ እ.ኤ.አ. በ1834 ለእንጨት አልኮል ስም ሲፈልጉ የግሪኩን «ሜቲ»፣ ወይን፣ ከ«ሂሌ»፣ እንጨት፣ ጋር አጋቡ፤ ሜቴን የዚያ ቃል የልጅ ልጅ ነው። ጋዙን ራሱን ከእነሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1776 ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ቮልታ በማጆሬ ሐይቅ ዳር ጭቃውን በዱላ እየቆሰቆሰ በጠርሙስ ይለቅመው ነበር።

ሌላም ነገር አለ። አዲስ ጉዝጓዝና አዲስ ሥር ለተሕዋስያኑ ምግብ ብቻ አይሆንም፣ ጉልበትም ይሆናቸዋል፤ በዚያ ጉልበት ቀድሞ ሊደፍሩት ያልቻሉትን አሮጌ ካርቦን መብላት ይጀምራሉ። የአርክቲክ የረጋ መሬት የያዘው ካርቦን 1,500 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነው፤ በአየር ውስጥ ካለው እጥፍ ያህል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ግምት በሥር ዙሪያ በሚፈጠረው በዚህ መቆስቆስ ብቻ እስከ 2100 ድረስ 40 ቢሊዮን ቶን ተጨማሪ ካርቦን ሊወጣ እንደሚችል አስልቷል። በሌላ በኩል አዲስ የተፈጠረው ረግረግ ቶሎ ቶሎ ይለመልማል፣ የራሱን አዲስ ፒትም ይከምራል። የሚከምረው ከሚያወጣው ይበልጥ እንደሆነ በየቦታው ይለያያል፤ ስፋግነም ባለበትና ቄጤማ ባለበት ሒሳቡ አንድ አይደለም። «ይቀልጣል፣ ያልቃል» ብሎ የሚዘግብ ጋዜጠኛ ይህን ቢዘል ግማሹን ነው የነገረን።

የመበስበስን ፍጥነት ለመለካት ሳይንቲስቶች ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱን ስሰማ ሳቄ መጣ። የሻይ ቅጠል ከነከረጢቱ ይቀብራሉ። አረንጓዴ ሻይና ቀዩን ሮይቦስ ከሱቅ ገዝተው፣ መዝነው፣ ቀብረው፣ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ አውጥተው ይመዝናሉ። አረንጓዴው ቶሎ ያልቃል፣ ሮይቦሱ ይቆያል። በዓለም ዙሪያ ጉዝጓዝን በአንድ ሚዛን ለማስቀመጥ የተገኘው መላ ይህ ነው። የቡና አተላ ቢሆን ኖሮ ማን ያስተምረን ነበር?

የረጋ መሬት ለእኛ ባዕድ አይደለም፣ ያለፈ ነው እንጂ። በአዱሊስ የነበረውንና መንገደኛው ኮስማስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የገለበጠውን የግሪክኛ ጽሑፍ ያስቀረጸው የአክሱም ንጉሥ ስለ ስሜን ተራሮች ዘመቻው ሲናገር፣ ወታደሮቹ እስከ ጉልበታቸው የሚሰምጡበትን በረዶ ያነሳል። በባሌ ደግሞ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከ«ቀዩ ተራራ»፣ በታች ባለው የሳነቴ አምባ ላይ ድንጋዮች በረጃጅም መስመር ተሰልፈው ይታያሉ። ሰው አልደረደራቸውም። መሬት እየቀዘቀዘ ሲያብጥ፣ እየቀለጠ ሲረግብ ድንጋዩን ከአፈሩ ይለየዋል። ዛሬ እዚያ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል እንጂ መሬቱ ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚበቃ ቅዝቃዜ የለውም፤ መስመሮቹ የቆዩ ናቸው። በአቅራቢያው ያለው ሐይቅ ገርባ ጉራቻ ይባላል፣ በኦሮምኛ «ጥቁር ባሕር»። ከሥሩ የወጣው ደለል ከ16,000 ዓመት በላይ የዘነበበትን የአበባ ብናኝና የተክል ርጋፊ ይዟል። ውጨና የተባለው የባሌ ዛፍ መቼ እንደሰፋ፣ መቼ እንደተቃጠለ የሚታወቀው ከዚያ ነው።

ስለ ቅዝቃዜ ያለን ቃል ድሃ ነው ለሚሉ፦ «በረዶ» እና «ብርድ» የአንድ ግስ ልጆች ናቸው፣ እውነት ነው፣ የሰማዩንም የመሬቱንም በአንድ ስም ጨፍልቀናል። «አመዳይ» ግን አለን። በግዕዝ «ሐመድ» አመድ ነው፣ «ሐመዳ» አመዳይ። ማለዳ የመንዝ ሜዳ ነጭ ሆኖ ያየ ሰው አመድ የተነዛበት ይመስለዋል። በመዝሙረ ዳዊትም ፈጣሪ አመዳዩን እንደ አመድ እንደሚበትን ተጽፏል። በዚያው በመንዝ የጓሣ ሣር የሚታጨድበትን ጊዜ ሕዝቡ ራሱ በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ ሲከፍት የኖረበት የጓሣ አምባ አለ። ማጨድ ሲከለከል የደረቀው ሣር እዚያው ይወድቃል፣ እዚያው ይጎዘጎዛል።

ከሎስ አንጀለስ ወጥተን ይህን ሁሉ ዞርን፤ ከተማይቱ ግን የራሷ ረግረግ አላት። ከመሬት በታች የተቀበረ ቆሻሻ አየር አያገኝም፣ ስለዚህ የጓሮው ሣርና የእራቱ ትርፍ እዚያ ሲገባ ሜቴን ያወጣል፤ ልክ እንደ ስቶርዳለን። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የሚበሰብሰውን ከማይበሰብሰው ለዩ የሚል ሕግ በሥራ ላይ አውላለች። የረገፈው ቅጠል፣ የሽሮው እንጥፍጣፊ፣ የቡናው አተላ አረንጓዴው በርሜል ውስጥ ይገባል። እዚያ የተጣለው ወደ ብስባሽ ማምረቻ ሄዶ ለአትክልት ይሆናል። ከበዓል ማግስት ቄጤማችሁን ጠቅልላችሁ ስትጥሉ እዚያው ጨምሩት። ፕላስቲኩን ግን አትጨምሩ።

የግዕዝን ቃላት ከነዘመዶቻቸው የመዘገበው ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ያስተማረው ከቫን ናይስ ተራራውን ተሻግሮ ባለው በዩሲኤልኤ ነበር። ትልቁ የግዕዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ መቶ ዓመት ሞልቶት በ2006 እዚሁ ካሊፎርኒያ አረፈ። ከእሱ በፊት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ፣ ደስታ ተክለ ወልድም የድርሻቸውን ሠርተዋል። ከእነሱ የተረፈውን፣ ለአዲስ ዕውቀት የቆየ ቃል የማዋስን ሥራ፣ የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆች፣ ተርጓሚዎችና ጋዜጠኞች መሥራት አለባችሁ። ዶሮ አርቢው አስቀድሞ ሠርቶታል። በሚቀጥለው እትማችሁ «የዕፅዋት ቆሻሻ» የሚለውን ሰርዙና «የዕፅዋት ጉዝጓዝ» ብላችሁ ጻፉ።